ግራው ሞቷል

በዚያ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ የሚገደልበት መዶሻ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ደረጃውን ወርዳችሁ፣ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የተንጠለጠለባቸውን ሱቆች አልፋችሁ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ብረት፣ ብረቱ ላይ እጀታው በላብ የጠቆረ መዶሻ፣ ከመዶሻው ኋላ ደግሞ ጋሽ ጆሮ ተቀምጧል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከታናሽ ወንድሙ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እነሱም ቢሆኑ አይጠሩበትም።

መዶሻው እዚያ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ድሮ እያንዳንዱ ነጋዴ አፉ እንዳመጣለት ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር። አንዱ «ስቱዲዮ በጆሮህ» ይላል፣ ሌላው «የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር» ብሎ ይጨምራል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲሞክረው ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ይጮኽበታል። ከዚያማ ምኑ ይነገራል፤ ድንጋይ ይዞ ይመለሳል። መስተዋት ይረግፋል፣ ሰው ይፈነከታል። አንድ ጊዜ አንዱ የተታለለ ጎረምሳ በጠርሙስ ስባሪ የአንድ ሻጭ ዓይን አፈሰሰ። ደሙ ከወለሉ ሳይታጠብ ነው ነጋዴዎቹ ተሰብስበው «ሰው ከሚሰበርስ ዕቃው ይሰበር» ያሉት።

ደንቡ ቀላል ነው። አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ያመጣ ሰው፣ በሩ ላይ ሊለጥፍ ያሰበውን ጽሑፍና አንድ ካርቶን ዕቃ ይዞ ጋሽ ጆሮ ፊት ይቆማል። ጋሽ ጆሮ ያዳምጣል። ጽሑፉ እውነት ከሆነ «ይለጠፍ» ይላል። ውሸት ከሆነ ካርቶኑ እዚያው ብረት ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንክትክቱ ይወጣል። ነጋዴዎቹ ለዚህ ሥራ በየወሩ ያዋጡለታል፤ እሱም ቤቱን የሚያስተዳድረው በዚያችው ነው። ጆሮው ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራው ከሌለ ደግሞ ቤት የለም።

ለምን እሱ ተመረጠ ብትሉ፣ ነገሩ ከልጅነቱ ይጀምራል። አባቱ በርሜል ቀጥቃጭ ነበር። እጁ ዕረፍት የማያውቅ ሰው፤ ብረት ያጣ ቀን ልጆቹን ይቀጠቅጣል። ጋሽ ጆሮ ገና ልጅ ሳለ የአባቱን ኮቴ ከመንገድ ማዶ ይለይ ነበር፤ ጠጥቶ ይሁን ሳይጠጣ፣ ተናዶ ይሁን ደክሞት፣ ከአረማመዱ ያውቀዋል። ቀበቶው ከወገብ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሲሰማ ታናሹን አልጋ ሥር ይከተውና ራሱ በሩ ላይ ይቆማል። ጆሮው የሰላው እንደዚያ ነው። ለወንድሙ ስንት ቀበቶ እንደቀመሰ ጀርባውን ያየ ይፍረድ።

ታናሽዬው አድጎ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ ዝምተኛ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። ጋሽ ጆሮም ለሙከራ የሚጠቀምበትን ቅጂ የቀዳው እሱ በሚሰፋበት ክፍል ውስጥ ነበር፤ አንድ የቀረጻ ባለሙያ ወዳጁ ሁለት ማይክ አውሶት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ በቀኝ በኩል የጋሽ ጆሮ ሚስት ብርጭቆ ታጥባለች፣ በግራ በኩል የወንድሙ የስፌት መኪና ይንቀጫቀጫል። መናኛ ማዳመጫ ዝናቡን አምጥቶ ሁሉን ነገር ያስውጠዋል። ደህናው ግን ዝናቡን ከብርጭቆው፣ ብርጭቆውን ከመኪናው ለይቶ ያስቀምጥልሃል።

ሌሎቹ ሻጮች ዕቃ ሲሞክሩ ግራና ቀኙን ጆሯቸው ላይ እያቀያየሩ ነው። ጋሽ ጆሮ ይስቅባቸዋል። «የኔ ጆሮዎች መንታ ናቸው፤ ምን ብዬ ላጣላቸው» ይላል። አንድም ቀን አቀያይሮ አያውቅም፤ ሰዉም ይህን እንደ ትልቅ ችሎታ ያወራለት ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ዕቃ አስመጪ መጣ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ደረጃ የሚወርድ፣ ሁለት ደንዳና ጎረምሶች ከኋላው የማይለዩት ሰው ነው። የያዘው የበር ስፋት ያለው ባነር ነበር። «ገመድ አልባ። ከስቱዲዮ ልዩነት የለውም። የዘፋኙ የልብ ምት ይሰማሃል። በሐኪሞች የተመሰከረለት» ይላል።

«የትኛው ሐኪም ነው የመሰከረለት?» አለ ጋሽ ጆሮ።

«አንተ ዝም ብለህ ስማ። ወሬውን ለኔ ተወው» አለ አስመጪው።

ሰማ። ዝናቡ መጥበሻ ላይ እንደተረሳ ዘይት ይንጫጫል። ብርጭቆው ድራሹ የለም፤ የስፌት መኪናው ሩቅ አገር ሄዷል። ቤዙ ብቻ ሆድ ዕቃ ይነቀንቃል። ጋሽ ጆሮ ማዳመጫዎቹን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ ወረወራቸው።

«የዘፋኙ ልብ ይቅርና ዘፋኙ ራሱ የለም» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ቤዝ ጨምረህ ሰው ታደነቁራለህ። ባነርህን ጠቅልል።»

አስመጪው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ፊት አታዋርደኝ። ይለጠፍ በልና እንደ ወንድም እንለያይ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ካርቶኑን መልሶ በሰላም ይሸኘው ይሆናል። ጋሽ ጆሮ ግን እንዲህ ሲሉት ደሙ ይፈላል። መዶሻውን አነሳ። የመጀመሪያዋን ሲላት ስባሪዋ ጣሪያ ነካ። እሱ ደግሞ አንዴ ከጀመረ አያባራም፤ ጥርሱን ነክሶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ካርቶኑን ከነሳጥኑ ዶግ አመድ አደረገው። ባትሪ ጨሰ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰዉ የሚሰበሰበው ለዳኝነቱ አልነበረም፤ ሲሰበር ለማየት ነው። ወንድሙ ብቻ ነበር ማየት የማይወደው። አንድ ጊዜ «ወንድም ጋሼ፣ ስትሰብር አባባን ትመስላለህ» ብሎት ለሳምንት ተኳርፈዋል።

የዚያኑ ዕለት ለምሳ ሲወጣ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ጠበቁት። አንደኛው ጎረምሳ ኮሌታውን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ሁለተኛው ቡጢ አልሰነዘረም። መዳፉን እንደ ጭልፋ አጎድጉዶ በግራ ጆሮው ላይ አጮለው። የተመታ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለው ጥፊ ጉንጭ ላይ አይቀርም፣ አየሩን ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚጠቀጥቀው። ደገመው። ሠለሰው። ጋሽ ጆሮ ደረጃው ላይ ተንበረከከ። ያኔ በጫማ የጎን አጥንቱን አሉት፤ ከንፈሩ በገዛ ጥርሱ ተበሳ፣ አፉ ደም ሞላ። አስመጪው ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ሲጋራውን እያጨሰ ያያል።

«አሁንስ የልብ ምት ይሰማሃል?» አለው።

ይህን የሰማው በቀኝ ጆሮው ብቻ ነበር። በግራው በኩል ፉጨት ነው ያለው፤ ከፉጨቱ ጋር አንድ የሞቀ ነገር ወደ አንገቱ ይወርዳል። ሲነካው ደም ነበር።

ጤና ጣቢያ ያየችው ሐኪም «ታምቡሩ ተቀዷል» አለችው። «አንዳንዱ በራሱ ይገጥማል፣ አንዳንዱ ውስጡም ይጎዳና አይመለስም። ውሃ እንዳይገባው። ከወር በኋላ ተመለስና እንለካዋለን።» አልተመለሰም። ተለክቶ ሞቷል ቢባል ወሬው በማግስቱ ምድር ቤቱን ያዳርሳል፤ ባለ አንድ ጆሮ ዳኛ ደግሞ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። ለገበያው ሰው ደረጃ ላይ ወድቄ ነው አለ። ፊቱ ላይ ያለውን ቁስል እያዩ ወድቆ ነው ብለው ያመኑ ሰዎች ካሉ እነሱን እግዜር ይርዳቸው።

ሚስቱን ግን ማታለል አልቻለም። ማድ ቤት በግራው ቆማ ስትጠራው አይዞርም። ሁለቴ፣ ሦስቴ ትጠራውና አንጀቷ እርር ብሎ ዞራ በቀኙ ትመጣለች።

«ለወንድምህ እንኳ ንገረው» አለችው።

«ዝምተኛ ቢሆን እንኳ የኔ ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርለትም። ለማንም አልናገርም።»

«ተመታሁ ማለት ምን ነውር አለው? መቺው ይፈር እንጂ።»

«ተመታሁ ማለቱን አይደለም የፈራሁት» አለ። «አልሰማም ማለቱን ነው።»

ሚስቱ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። እሱ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ይቆምና ግራ ጆሮው አጠገብ ጣቱን ያጮሃል። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ፉጨቱ ሁሉን ይሸፍነዋል። እያደር ፉጨቱ በረደና የጣቱ ድምፅ ይሰማው ጀመር። «ገጠመልኝ» ብሎ ሚስቱን አቀፋት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ምስኪን። የሚሰማው በቀኙ ነው። የጣቱ ድምፅ ጭንቅላቱን ዞሮ ደህናው ጆሮ ይደርሳል። ሌላ ሰው እንዲህ ሲሞክር ቢያይ እሱ ራሱ ወዲያው ነቅቶበት መሳቂያ ያደርገው ነበር። ለራሱ ሲሆን ግን ነቄ ማለት አቃተው፤ ተመልሶ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ።

ከተመለሰ ወዲህ መጀመሪያ ፊቱ የቆመው ማን ሆነ መሰላችሁ? የገዛ ወንድሙ። ልብስ ሰፊው ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ከስፌቱ ጎን ሌላ ነገር ሊሞክር አስቦ፣ አንድ ካርቶን ጥቃቅን ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ አምጥቷል። የሚለጥፈውን በራሱ እጅ ነው የጻፈው። «ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሌላ አላውቅም» ይላል። ሰዉ ወረቀቱን ሲያነብ በፍቅር ሳቀ።

አስመጪው ከጎረምሶቹ ጋር ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። ከደረጃው ጉዳይ በኋላ ይባስ ብሎ በየቀኑ መምጣት ጀምሮ ነበር። «የወንድሙ ነው፣ ምን ይጠየቃል፤ ያልፋል» አለ ጮክ ብሎ። «መዶሻው ለኛ ለባዳዎቹ ነው።»

ጋሽ ጆሮ እንዳልሰማ ሆነ። ይህ ሰው ነው ጎረምሶቹን ልኮ ደረጃ ላይ ያስመታው፤ አሁን ደግሞ ቀሪውን፣ አዳላ የማይባለውን ስሙን ሊወስድበት ነው። ማዳመጫዎቹን አጥልቆ ቅጂውን ከፈተ።

ዝናቡ መጣ። ብርጭቆው በቀኙ ጥርት ብሎ መጣ፤ ሲታጠብ፣ ሲገለበጥ፣ ከሌላው ጋር ሲጋጭ። የስፌት መኪናውን ጠበቀ። የለም። ድምፁን ጨመረ። የለም። በግራው በኩል በር የተዘጋ ይመስላል። ለአፍታ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ «እኔ ብሆንስ?» የሚል ሐሳብ ሽው አለበት። ወዲያው አባረረው። ዛሬ ጠዋትም ጣቱን አጩሆ ሰምቷል።

«ግራው ሞቷል» አለ።

ወንድሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ወንድም ጋሼ፣ ስሰፋ ስሰማው ነው የዋልኩት። እስቲ አቀያይረው።»

«አቀያይሬ አላውቅም። ሌላ አምጣ።»

ሌላ አመጣለት። ያም ያው ነው። ሦስተኛ ከፈተለት። ያም ያው።

«የሁሉም ግራው ሞቷል» አለ ጋሽ ጆሮ።

«እኩል ነው አይደል የተጻፈው?» አለ አስመጪው ከምሰሶው። «አይ፣ የወንድም ነገር። አሁን እናያለን።»

«አንዴ ብቻ» አለ ወንድሙ። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። «አንዴ ብቻ ቀይረው። በእናታችን።»

ያን ጊዜ ቢቀይር ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። እሱ ግን የሚታየው የአስመጪው ጥርስ ብቻ ነው። ነገሩን ቶሎ ጨርሶ፣ ለወንድሜም አልመለስኩም ብሎ፣ ያን አፍ መዝጋት ነው የፈለገው። መዶሻውን ከጭንቅላቱ በላይ አነሳ። ዓይኑ ደም ለብሷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ወንድሙ ዕቃው ላይ እጁን ዘረጋ፤ ሊከልለው ይሁን ሊያነሳው ማንም አላየም፤ መዶሻው ወርዶ ነበር።

ድምፁ የፕላስቲክ አልነበረም። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ የፕላስቲክ አለመሆኑን አወቀ።

የወንድሙ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ብረቱና መዶሻው መሃል ቀሩ። ሥጋው ተፈርጦ አጥንት ነጣ ብሎ ታየ፣ ደም ጥቋቁሮቹን ማዳመጫዎች አለበሳቸው። ልብስ ሰፊው አልጮኸም። ፊቱ አመድ መሰለ፣ እጁን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ተንገዳግዶ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ከዚያ በግራ እጁ ከወንድሙ ጆሮዎች ማዳመጫዎቹን ነቀለ። የግራውን አነሳና በጋሽ ጆሮ ቀኝ ጆሮ ውስጥ ገፍቶ ከተተው።

«ስማ» አለው።

የስፌት መኪናው መጣ። እያንዳንዱ ጥልፍ፣ ክሩ ሲወጠር፣ መርፌው ጨርቁን ሲበሳ ሳይቀር። ወረቀቱ ካለው በላይ ደህና ዕቃ ነበር። ጋሽ ጆሮ መዶሻውን ለቀቀ፤ እግሩ ላይ ሲወድቅ እንኳ አልተሰማውም።

«ዕቃው ደህና ነው» አለ። ወደ ሰዉ ዞሮ ደገመው። «ዕቃው ደህና ነው። የሞተው የኔ ጆሮ ነው። ደረጃው ላይ አልወደቅሁም። እነዚህ ናቸው የመቱኝ፣ እኔም ደበቅኳችሁ።»

አስመጪው «እኔማ ድሮም ብዬ…» ማለት ጀመረ፤ አልጨረሳትም። ጋሽ ጆሮ ጠረጴዛውን ተሻግሮ በደረቱ ላይ ወረደበት። ሁለቱም ስባሪው ውስጥ ተንከባለሉ። ጎረምሶቹ ሊደርሱ ሲሉ ነጋዴው ሁሉ ተረባረበባቸው፤ አንዲት ቻርጀር ሻጭ አንደኛውን በተቀመጠችበት ዱካ ግንባሩን አለችው፣ ሌላኛው በገመድ ተጠላልፎ ከመስተዋቱ ጋር ተላተመ። ጋሽ ጆሮ አስመጪውን በሁለት እጁ አንቆ ይጨምቃል። የሰውዬው ፊት ከቀይ ወደ ጥቁር ሲሄድ፣ ምላሱ ሲወጣ ያያል፤ እጁን ማላላት ግን አልፈለገም። ሊገድለው ነበር፤ ይህን እሱም ኋላ አልካደም።

ልብስ ሰፊው ያኔ መጣ። እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ ደሙ በክርኑ እየተንጠባጠበ፣ በወንድሙ በስተግራ ተንበረከከ። አፉን ግራ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ተናገረ። አንዲት ቃል አልነበረችም፤ ጥቂት ቆይቷል።

ቀኝ ጆሮው ውስጥ የተሰካው ማዳመጫ ገና አልወለቀም፤ የስፌት መኪናው በሙሉ ድምፁ ይንቀጫቀጭበታል። ጋሽ ጆሮ በግራው የተሰማው ትንፋሹ ብቻ ነው። ያየው ግን ሌላ ነው። የሚጎትቱት ሰዎች እጃቸው ከትከሻው ላይ ወረደ። ቻርጀር ሻጯ አፏን በመዳፏ ያዘች። አስመጪው እንኳ፣ ጉሮሮው በሰው እጅ ውስጥ ሆኖ፣ ሰምቶ ዓይኑን ሰበረ። የጋሽ ጆሮ ጣቶች በራሳቸው ተላቀቁ።

«ምን አልከኝ?» አለ ዞር ብሎ።

ወንድሙ ተነስቶ ደረጃውን መውጣት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ኋላ ማንም አልተቀመጠም። ያ የአስመጪው ባነር አሁን በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የዘፋኙ የልብ ምት ይሰማሃል ይላል፣ ሰውም ይገዛል። ጋሽ ጆሮ ሚስቱ በምታጥበው የሰው ልብስ ይኖራል፤ እሱ ውሃ ይቀዳል፣ ያሰጣል። ይህ ሁሉ አላመመውም ማለት አይደለም። የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው።

አንድ ቀን ቻርጀር ሻጯ ዘንድ ሄዶ ቆመ። «ያን ዕለት ምን ነበር ያለኝ?» አላት።

«ይቅርብህ ጋሼ» አለች፣ ዕቃዋን እያስተካከለች።

«ስድብ ነው?»

አንድ ገመድ አንስታ ትጠቀልል ጀመር።

«ይቅርታ ነው?»

«እኔ አልናገረውም» አለች። «ያንተና የሱ ነው። እሱን ጠይቀው።»

ሌሎቹንም ጠየቀ። ወሬ የማይቋጥር ገበያ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳትጠይቅ የሚነግርህ ሰፈር ነው። በዚህች ነገር ላይ ግን ሁሉም አፉን ለጎመ።

በመጨረሻ ወንድሙ ቤት ሄደ። ጣቶቹ ገጥመዋል፤ ግን ተጣመው ነው የገጠሙት፣ መርፌ አይይዙም። በግራ እጁ መስፋት ራሱን እያስተማረ ነበር። ጨርቁ ላይ ያለው ስፌት የጀማሪ ሰው ስፌት ይመስላል፤ ያን እጅ ለሚያውቅ ማየቱ ራሱ ያማል። ጋሽ ጆሮ በርጩማ ስቦ በቀኝ ጆሮው በኩል ወንድሙ እንዲሆን አድርጎ ተቀመጠ። ይቅር በለኝ አለ። አለቀሰ፤ ወንድ ልጅ ምናምን ሳይል ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ወንድሙ መስፋቱን አላቆመም።

«ያን ቀን ያልከኝን አልሰማሁም» አለ ጋሽ ጆሮ። «በዚህኛው ንገረኝ። ስድብም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን እቀበላለሁ። ብቻ ልስማው።»

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«አንዴ ብዬዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ» አለ። «ሁለተኛ የምለው ነገር አይደለም።»

ጋሽ ጆሮ ቀኝ ጆሮውን ወደሱ እንዳዘነበለ ብዙ ቆየ።